ድሬዳዋ ላይ ጁስ ቤት ለሚከፍት ሰው፦ ትርፉ የት እንደሚገኝና የት እንደሚባክን

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ከተማ ናት። ግንቦትና ሰኔ ላይ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ይደርሳል። ይህ ሙቀት ደንበኛን ሳይጠሩት ወደ ጁስ ቤት ያመጣል፤ ያው ሙቀት ግን ሰኞ የተገዛውን አቮካዶ ረቡዕ ያጠቁረዋል። ሰው እየገባበት የሚከስር ጁስ ቤት ካለ፣ ምክንያቱን መጀመሪያ ቆሻሻ ባልዲው ውስጥ ፈልጉት። እዚህ ከተማ የጁስ ትርፍ የሚወሰነው ፍራፍሬው ሲገዛና ሲቀመጥ ነው፤ ሽያጩ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። የሚከተለው ምክርም ብዙውን ቦታ የሚሰጠው ለዚሁ ነው።

የአንድ ብርጭቆ ሂሳብ

ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ሚዛን ግዙ። ግራም የሚያሳይ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ከዚያ አንድ ኪሎ አቮካዶ መዝኑና ልጣጩንና ፍሬውን አውጥታችሁ የቀረውን መዝኑ። ብዙውን ጊዜ 650 ግራም አካባቢ ታገኛላችሁ። ማንጎ ከ550 እስከ 600፣ ፓፓያ ከ650 እስከ 700 ይሰጣል። ብርቱካን ግን ሲጨመቅ ከ400 እስከ 450 ግራም ብቻ ነው፤ የብርቱካን ጁስ ዋጋው ከሌላው ከፍ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። እንደ ዝርያውና እንደ ወቅቱ ስለሚለያይ፣ አቅራቢ በቀየራችሁ ቁጥር እንደገና መዝኑ።

ለ300 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ወፈር ያለ አቮካዶ ጁስ 170 ግራም የተላጠ አቮካዶ ይበቃል። ያ ማለት ሳይላጥ 260 ግራም ነው። ከሚገዛው ውስጥ አሥር በመቶ ይበላሻል ብላችሁ ብትይዙ 290 ግራም ይሆናል። ለምሳሌ ኪሎው 80 ብር ቢሆን የአቮካዶው ወጪ 23 ብር ነው። ስኳር 3 ብር፣ ውሃና በረዶ 2 ብር፣ ስትሮና ሶፍት 2 ብር ጨምሩበት፤ ብርጭቆው 30 ብር ወጣበት። በ80 ብር ብትሸጡት 50 ብር ይተርፋል።

ይህ 50 ብር ገና ትርፍ አይደለም። ኪራይ 9,000፣ ሁለት ሠራተኛ 8,000፣ መብራትና ውሃ 2,000፣ ልዩ ልዩ 1,000፣ የራሳችሁ ደመወዝ 6,000 ቢሆን በወር 26,000 ብር ነው። በ26 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን 1,000 ብር። ስለዚህ በየቀኑ የመጀመሪያዎቹ 20 ብርጭቆዎች ወጪ ይሸፍናሉ፤ ትርፍ የሚጀምረው ከሃያ አንደኛው ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተቀመጡ ናቸው፤ በራሳችሁ ዋጋ ተኩና ሥሩት። የራስን ደመወዝ ማስገባት ግን አይቀርም። ያለዚያ ቤቱ እያተረፈ ይመስላችሁና በጉልበታችሁ እየደጎማችሁት ትኖራላችሁ።

አሁን አቮካዶው ኪሎ 120 ብር ገባ እንበል። የብርጭቆው ወጪ ወደ 42 ብር ይጠጋል፤ የሚተርፈው 38 ብር ነው፤ ወጪ ለመሸፈን 27 ብርጭቆ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዋጋውን ሳይነካ በውሃ ያቀጥነዋል። ደንበኛ ይህን በአንድ ጉንጭ ያውቃል፤ ሳይናገር ይሄዳል፣ አይመለስም። ከማቅጠን ይልቅ ዋጋውን 5 ወይም 10 ብር ጨምሩና ወፍራሙን ስጡ፤ ወይም ረከስ ያለውን ፓፓያና ዘይቱን (ጓቫ) ሰሌዳው ላይ ከላይ ጻፉ።

ቦታና ወረቀት

ከዚራ፣ መጋላ፣ ሳቢያን፣ ታይዋን፣ ከፊራ ሁሉም የየራሳቸው ገበያ አላቸው። ድሬ ላይ ግን ሰፈሩን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም መቁጠር ያስፈልጋል። ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ከተማው ጭር ይላል፤ ከሰዓት ብዙ ሰው በርጫ (ጫት መቃም) ላይ ነው፤ መንገዱ እንደገና የሚሞላው ፀሐይ ስትበርድ ነው። ስለዚህ ልትከራዩት ያሰባችሁት በር ላይ ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ቁሙና በእግር የሚያልፈውን ቁጠሩ። ጠዋት ሰው የሚበዛበት፣ ማታ ግን የሚጨልም ቦታ ለቁርስ ቤት እንጂ ለጁስ አይሆንም።

ፊቱ ወደ ምዕራብ የሆነ ክፍል የከሰዓቱን ፀሐይ በሙሉ ይቀበላል፤ ፍሪጁ ሲለፋ፣ ፍራፍሬው ሲጠወልግ ይውላል። ሌላ ምርጫ ከሌለ በረንዳውን በሸራ ጋርዱ፤ ፍሪጁንና መደርደሪያውን ወደ ውስጥ አግቡ። ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ወይም ጎርፍ በሚወርድበት መንገድ ያለ ቤት ርካሽ የሚሆነው በምክንያት ነው፤ የ1998ቱን የክረምት ጎርፍ ከተማው አይረሳውም። እንዲህ ያለ ቦታ ከያዛችሁ ፍሪጅና ስታብላይዘር ከወለሉ ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ የሲሚንቶ መደብ ላይ ይቀመጡ፤ የመብራት ሶኬቱም ከዚያ በላይ ይሁን።

ውል ስትፈርሙ ኪራዩ ለአንድ ዓመት እንደማይጨምር ይጻፍ። ያለውን ገንዘብ በሙሉ ለስድስት ወር ቅድሚያ ኪራይና ለመስታወት አትጨርሱት። የሁለት ሳምንት የፍራፍሬ መግዣ ሳይነካ በእጅ መቅረት አለበት። መንቀሳቀሻ ያለቀበት ነጋዴ የሚገዛው በዱቤ ነው፤ በዱቤ የሚገዛ ደግሞ መምረጥ አይችልም፣ የተረፈውን ይወስዳል።

ቲን ነምበር፣ የንግድ ፈቃድ፣ ከጤና በኩል የብቃት ማረጋገጫ፣ ለእናንተም ለሠራተኞቻችሁም የጤና ምርመራ ያስፈልጋል። ክፍሉን ከማስተካከላችሁ በፊት ቢሮ ሄዳችሁ ስለ ውሃ፣ ስለ መጸዳጃና ስለ ግድግዳ የሚጠየቀውን በጽሑፍ ውሰዱ። ሴራሚክ ከለጠፉ በኋላ ማፍረስ ሁለት ጊዜ ማውጣት ነው። የፈቃድ እድሳት ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ ለታኅሣሥ መጨረሻ አታቆዩት።

የፍራፍሬ ግዢ

ከፊራ ገበያ በጠዋት ሂዱ። ፀሐይ ሳይወጣ የተራገፈ ፍራፍሬና እስከ 5 ሰዓት ፀሐይ ላይ የዋለ ፍራፍሬ በዓይን አንድ ዓይነት ሊመስሉ ይችላሉ፤ ቤት ከገቡ በኋላ ግን በዕድሜ አንድ ቀን ይለያያሉ። በማዳበሪያ ታጭቆ የመጣውን ከታች አስወጥታችሁ እዩ። ከላይ ያለው ሁልጊዜ ቆንጆ ነው፤ የተጨፈለቀው ከሥር ያለው ነው። የራሳችሁን የፕላስቲክ ሳጥን ይዛችሁ ሂዱና በሱ ጫኑ።

አቮካዶ ስትገዙ በሦስት ከፍሉት፦ አንድ ሦስተኛው ዛሬ የሚፈጭ፣ አንድ ሦስተኛው ለነገ፣ ቀሪው ገና ጠንካራ። የበሰለው በመዳፍ ቀስ ተብሎ ሲጫን ለስለስ ይላል። በአውራ ጣት አትጫኑት፤ የተጫነበት ቦታ ሁሉ ነገ ይጠቁራል። ጠንካራውን ስትገዙ ሳይጎመራ የተለቀመ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ሳይጎመራ የተለቀመ አቮካዶ አይበስልም፤ ቆዳው ይጨማደዳል፣ ውስጡ እንደ ጎማ ይሆናል፣ ቢፈጭም ይመራል። ከአዲስ ሻጭ ሳጥን ሙሉ ከመውሰድ በፊት ሁለት ኪሎ ወስዶ ማብሰል ይሻላል።

ሐረር ከድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም ከፍታዋ ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል፤ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ እዚያ አራት ቀን የሚቆይ አቮካዶ ድሬ ሁለት ቀን ላይቆይ ይችላል። ከሐረር በኩል የምትገዙ ከሆነ ጠንካራውን አብዙ። በሳምንት አንድ ጊዜ ብዙ አምጥቶ ማከማቸት በትራንስፖርት ያተረፈ ይመስላል፤ የሚጣለው ሲመዘን ግን አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንዴ መግዛት ይረክሳል።

አቀማመጥ

ሙዝና አቮካዶ ከ30 ዲግሪ በላይ በደንብ አይበስሉም። ውጫቸው ሳይለወጥ ውስጣቸው ይላላል ወይም በአንድ ጎን ይበሰብሳል። ፍሪጅ ውስጥ መክተትም ሁልጊዜ መፍትሔ አይደለም። ሙዝ ከ13 ዲግሪ በታች ይጠቁራል፤ ያልበሰለ ማንጎና አቮካዶም ብርድ ከመታው በኋላ በወጉ አይበስልም። ስለዚህ ያልበሰለው ውጭ፣ በጥላ፣ በቀዝቃዛ ቦታ ይብሰል፤ ከበሰለ በኋላ ፍሪጅ ይግባ። የበሰለ አቮካዶ በ5 ዲግሪ አካባቢ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል።

ያን ቀዝቃዛ ቦታ ለመሥራት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ከእንጨት ወይም ከብረት ባለ አራት እርከን መደርደሪያ አሠሩ፤ እርከኑ ሽቦ ወይም ክፍተት ያለው ጣውላ ይሁን። ዙሪያውን በቃጫ ጆንያ ሸፍኑት፤ በር የሚሆነውን ጎን ተነሥቶ እንዲከፈት አድርጉ። ከላይ ሰፋ ያለ ሳፋ ውሃ አስቀምጡና የጆንያውን ጫፍ ውሃው ውስጥ ንከሩት፤ ውሃው በጆንያው እየሳበ ይወርዳል። ከሥር የሚንጠባጠበውን የሚቀበል ሌላ ሳፋ አድርጉ። የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ ውሃው በፍጥነት ይተናል፤ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ ውስጡ ከውጭው በብዙ ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ሁለት ነገር ያበላሸዋል። ነፋስ በማያገኝ ማዕዘን ካቆማችሁት አይቀዘቅዝም፤ ጆንያው በየሳምንቱ ታጥቦ ፀሐይ ካልመታ ደግሞ ይሻግታል፣ ሻጋታው ወደ ፍራፍሬው ይሄዳል። የፕላስቲክ ማዳበሪያ ውሃ አይስብም፤ የቃጫው ነው የሚሠራው።

ቶሎ እንዲበስል የፈለጋችሁትን አቮካዶ ከበሰለ ሙዝ ጋር አንድ ካርቶን ውስጥ ክደኑት። ሌላው ግን ከሙዝ ይራቅ።

ውሃ፣ በረዶና እጥበት

አንድ ሰው ከታመመባችሁ ቤቱ አለቀ። ከተማው ኮሌራና አተትን ስለሚያውቅ ወሬው ከእናንተ በፊት ይደርሳል።

ፍራፍሬው ከመላጡ በፊት ይታጠብ፤ ልጣጩ ቢጣልም ቢላው ከቆዳው ላይ ያለውን ወደ ውስጥ ይዞ ይገባል። መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ አፈሩን አስለቅቁ። ከዚያ ሽታ ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና በአንድ ሊትር ውሃ 2 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ለ10 ሊትር ባልዲ 20 ሚሊ ሊትር ጨምሩ። በክዳን አትገምቱ፤ ከፋርማሲ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ግዙና ሁለት ጊዜ ቅዱበት። ፍራፍሬው ሁለት ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ በሚጠጣ ውሃ ይለቅለቅ። ለመክተፊያና ለጠረጴዛ በሳሙና ከታጠበ በኋላ በሊትር 4 ሚሊ ሊትር፤ በጨርቅ ሳይታበስ ራሱ ይድረቅ። በረኪና ሙቀትና ብርሃን ያደክመዋልና ትንሽ ጠርሙስ ግዙ፣ ጨለማ ቦታ አስቀምጡ፣ የተዘጋጀውን ውሃ በየቀኑ ቀይሩ።

ለጁስና ለበረዶ የሚሆነው ውሃ የፈላ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን የታከመ ይሁን። ከውጭ የሚገዛ ግግር በረዶ ጠርሙስ ማቀዝቀዣ ነው፤ ብርጭቆ ውስጥ አይገባም።

የድሬ ውሃ ኖራው ብዙ ነው። ማንቆርቆሪያና የሻይ ማፍያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ ይሠራል፤ ብርጭቆ ላይ ነጭ ጠብታ ይተዋል፤ ደንበኛም ያልታጠበ ይመስለዋል። ኮምጣጤና ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ፣ ሞቅ አድርጋችሁ ግማሽ ሰዓት ተዉት፤ ከዚያ በደንብ ይለቅለቅ። ኮምጣጤና በረኪና ግን በምንም መንገድ አንድ ዕቃ ውስጥ አይገናኙ፤ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

መፍጫና ፍሪጅ

ሁለት መፍጫ ይኑራችሁ፤ አንዱ መጠባበቂያ ነው። አርብ ማታ ሞተር ከተቃጠለ ቅዳሜና እሑድን በሙሉ ታጣላችሁ። የቤት መፍጫ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ 1,500 ዋት አካባቢ ያለው የንግድ መፍጫ ይሻላል። ሁልጊዜ ውሃው ወይም ወተቱ መጀመሪያ ይግባ፣ ቀጥሎ ፍራፍሬው፣ በረዶው መጨረሻ። ደረቁን አቮካዶ ከሥር አድርጎ በከፍተኛ ፍጥነት ማስነሣት ምላጩን ይይዘውና ሞተሩን ያቃጥላል። ከ30 እስከ 45 ሰከንድ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲፈጭ ጁሱ አረፋ ብቻ ይሆናል፣ ይሞቃልም።

ቶሎ የሚያልቁት ምላጩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ጎማና ከምላጩ ሥር ያለው የውሃ መከላከያ ጎማ ናቸው። ከመፍጫው ሥር ጥቁር ጠብታ ካያችሁ መከላከያው አልቋል፤ ጁሱ ወደ ሞተሩ እየወረደ ነው፣ በዚያው ቀን አቁሙት። ሁለቱንም መለዋወጫ ገዝታችሁ አስቀምጡ። ማታ ማታ ምላጩ ተፈትቶ ይታጠብ፤ ጠዋት የሚሸተው ከዚያ ጎማ ሥር ያለው ነው።

ፍሪጁ ከግድግዳ 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ከኋላው ያለው የጥቁር ሽቦ መረብ በየወሩ በብሩሽ ከአቧራ ይጽዳ። የድሬ አሸዋ ሲደፍነው ኮምፕረሰሩ ሳያርፍ ይሠራል፣ የመብራት ሂሳቡም ይጨምራል። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስ የሚነሣ ኮምፕረሰር ቶሎ ይቃጠላልና ስታብላይዘሩ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ ዘግይቶ የሚያገናኝ ይሁን። ባዶ ቦታውን በረዶ በሆነ የውሃ ጠርሙስ ሙሉት። በሩ ካልተከፈተ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜ ይይዛል። ውስጡ ርካሽ ቴርሞሜትር አስቀምጡ፤ ከ5 ዲግሪ በላይ ሁለት ሰዓት ከቆየ ወተቱና የተላጠው ይጣል። ቀኑ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነበት ጊዜ ውጭ የቆየ ከሆነ አንድ ሰዓት ነው ገደቡ።

አሠራር ላይ የሚበላሹ ነገሮች

ስኳርን በማንኪያ አትጨምሩ፤ አይሟሟም፣ መጠኑም በሠራተኛው እጅ ይለያያል። አንድ ኪሎ ስኳር በግማሽ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ ሽሮፕ አድርጉት፤ 1.1 ሊትር ገደማ ይወጣዋል። 30 ሚሊ ሊትሩ 27 ግራም ስኳር ነው። በተዘጋ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ይቆያል። ቪምቶም በጠርሙሱ አፍ ሳይሆን በ10 ሚሊ ሊትር መስፈሪያ ይፍሰስ።

ፓፓያና ትኩስ አናናስ ከወተት ጋር ተፈጭተው ሲቆዩ ወተቱን ይቆርጡታል፣ ያመሩታልም። በወተት የፈለገ ካለ እዚያው ተፈጭቶ እዚያው ይጠጣ። ዘይቱን ቀስ ተብሎ ይፈጭና በወንፊት ይጠለል፤ ፍሬው ከተሰባበረ ጁሱ አሸዋ አሸዋ ይላል። ብርቱካን ተጨምቆ ሲቆይ ይመራል፤ ደንበኛው ሲያዝ ብቻ ጭመቁ። ስፕሪስ ላይ ወፍራሙ አቮካዶ ከሥር፣ ቀጭኑ ከላይ በማንኪያ ጀርባ እየተንሸራተተ ይፍሰስ።

ለምሽቱ ጥድፊያ አቮካዶውን በ170 ግራም እየመዘናችሁ በክዳን ዕቃ አዘጋጁ። ለአንድ ኪሎ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይግባበት፤ ላስቲኩ አቮካዶውን ነክቶ ይሸፈን፤ ለነገ አይተርፍ። ለጾመኛ የሚሆን ወተት ያልነካው የመፍጫ ማሰሮ ለብቻው ይኑር፤ ምልክት አድርጉበት፣ ደንበኛው እንዲያየውም ፊት ለፊት አስቀምጡት። በዐቢይ ጾም ይህ ብቻውን ደንበኛ ያመጣል።

መዝገብ

አንድ ደብተር፣ አራት ዓምድ፦ የተገዛ በኪሎ፣ የተሸጠ በብርጭቆ፣ የተጣለ በኪሎ፣ የገባ ብር። የተጣለውን መመዝገብ ያስጠላል፤ ነገር ግን ከአሥር በመቶ በላይ የሆነበትን ቀንና ምክንያቱን የሚነግራችሁ እሱ ብቻ ነው። ሽያጩን ለማመሳከር ስትሮ ቁጠሩ። ጠዋት የተረከበው ስትሮ ሲቀነስ የማታው፣ ከተሸጠው ብርጭቆ ጋር መቀራረብ አለበት። ሁለት ሦስት ቢለያይ ልጆች ወስደው ነው፤ በየቀኑ አሥር ከለያየ ጠይቁ።

በቴሌብር ሲከፈል የደንበኛውን ስልክ አይታችሁ አትሸኙ። የራሳችሁ ስልክ ላይ መልእክት ሲገባ ነው የተከፈለው። እቁብ የምትጥሉት ከራሳችሁ ደመወዝ እንጂ ከፍራፍሬ መግዣው አይሁን።

ወቅትና ማደግ

ከኅዳር እስከ ጥር ማታ ማታ ይቀዘቅዛል፣ ጁስ ይቀንሳል። ያኔ የለውዝ ሻይ ጨምሩ፤ የባቢሌ ለውዝ ቅርብ ነው። የሻገተውንና የተጨማደደውን ለቅማችሁ ጣሉ፤ መቁላት የሻጋታውን መርዝ አያጠፋውም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ከሚሄደው ምእመን ከፊሉ በድሬ ስለሚያልፍ፣ በዋዜማዎቹ ሁለት ሦስት ቀን ግዢውን ከፍ አድርጉ። ማንጎ በሚረክስበት ወቅት ልጣችሁ በአንድ ኪሎ ላስቲክ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች አቆዩት፤ ወቅቱ ካለፈ በኋላ ወራት ያስኬዳል።

ትልቁ ወቅት ረመዳን ነው፤ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ይመጣል፣ የሠራተኛ ሰዓትም አብሮ ይቀየራል። ቀን ሽያጭ እምብዛም የለም፤ ከመግሪብ (ጾም መፍቻው) በፊት ባለው አንድ ሰዓት ግን የቀኑ ግማሽ ይሸጣል። ቤት የሚወሰድ ትዕዛዝ በ5 ሊትር ጀሪካን ተቀበሉ፤ አሥራ ስድስት ብርጭቆ ይወጣዋል። ቅናሹ ከአሥር በመቶ አይለፍ፤ የሚቀርላችሁ ወጪ የስትሮ፣ የበረዶና የእጥበት ብቻ ነው፣ ፍራፍሬው ያው ነው። ማንጎ፣ ፓፓያና ዘይቱን በጀሪካን ይቆያሉ፤ አቮካዶ ስለሚጠቁር ሊወሰድ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ብቻ ፍጩት። ግማሽ ቀብድ ተቀበሉ፣ ስሙንና ሰዓቱን ጀሪካኑ ላይ ለጥፉ፣ በባጃጅ ሲላክ በበረዶ ጠርሙስ መካከል ይቀመጥ። ጀሪካኑ የምግብ መያዣ የነበረ እንጂ የሳሙና ወይም የዘይት አይሁን፤ ማስያዣ ብር ያዙበት፣ ያለዚያ በሦስተኛው ሳምንት መቅጃ አይኖራችሁም።